«ዊዝድሮ ሞልቼ አጎቴ እህል ቤት ልሥራ?» ለአንዲት የኢኮኖሚክስ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሻለሁ። ነጥቤ ደህና ነው። ግን የምማረው ነገር ምን ላይ እንደሚውል አይታየኝም። እንግሊዝ አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ ኢኮኖሚክስ ስትማር አንዱን ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ አሳልፋ፣ ከዚያ ተመልሳ እንደተመረቀች ነገረችኝ። አጎቴ ቡሬ ላይ እህል ይነግዳል። ‹ነይና ሒሳቡን ያዢልኝ› ይለኛል። አንድ ዓመት ዊዝድሮ (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ብሠራስ? አባቴ ፍኖተ ሰላም ነው ያለው፤ ‹ያቋረጠ አይመለስም› ብሎ ድርቅ ብሏል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ዊዝድሮ አትሙዪ። የአጎትሽን ሥራ ግን እንዳትለቂው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ከአክስትሽ ልጅ ልጀምር።

እሷ ትምህርት አላቋረጠችም። እዚያ አገር ያ ዓመት ራሱ የዲግሪው አካል ነው። ሳንድዊች ይሉታል። ባዝ፣ ሰሪ፣ ላፍቦሮ የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ተማሪው ሁለት ዓመት ይማራል፣ ሦስተኛውን ሥራ ቦታ ያሳልፋል፣ በአራተኛው ተመልሶ ይጨርሳል። ሥራ ላይ እያለም ተማሪ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሚከታተለው ሰው አለ። ቀጣሪው ደመወዝ ይከፍለዋል። መጨረሻ ላይ ስለ ሥራው ሪፖርት ይጽፋል። የትምህርት ክፍያውም ቢሆን በዚያ ዓመት ለአገሬው ተማሪ ከሙሉው ክፍያ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በየሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ካሉት ኢኮኖሚስቶቹ ጋር እንዲሠሩ ለዓመት የሚቀጥራቸው ተማሪዎች አሉ። ባንኮችም እንዲሁ ያደርጋሉ።

እንግዲህ ልብ በዪ። ያንን ዓመት ሦስት ወገን ነው የተስማማበት፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ቀጣሪውና ተማሪዋ። ዊዝድሮ ፎርም ላይ ግን ኃላፊነቱን የምትወስጂው አንቺ ብቻ ነሽ። ዩኒቨርሲቲው «ደህና ሁኚ» ብሎሽ ይሸኝሻል፣ አጎትሽ ደግሞ «እንኳን መጣሽ» ይሉሻል፤ በመካከላቸው የሚያገናኝ ነገር የለም።

ነገሩ ለእኛ አገርም ባዕድ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. «የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር። ተማሪው ሳይመረቅ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግላል። አብዛኞቹ የሚላኩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ነበር። ተመልሰው ክፍል ሲገቡ የሚጠይቁት ጥያቄ ተለውጦ ነበር ይባላል፤ ያ ትውልድ ስለ መሬትና ስለ ገበሬ ያን ያህል ለምን እንደተከራከረ ሳስብ ይህ ዓመት ትዝ ይለኛል። ከአብዮቱ ጋር ቀረ። ዛሬ የኢንጂነሪንግ ልጆች አንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይወጣሉ። ለእኛ ለኢኮኖሚክሶች ግን አንዳንድ ቦታ የጥቂት ሳምንት መውጫ ቢኖርም፣ ዋናው ነገራችን የመጨረሻው ዓመት ሲኒየር ኤሴይ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ነው። እሱንም ብዙው ልጅ መጠይቅ አስሞልቶ ይገላገለዋል።

አሁን ወደ ሬጅስትራር እንምጣ።

አብዛኛው ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ «ስድስት ወር ብቻ» የሚባል ዊዝድሮ የለም ማለት ይቻላል። በየትኛው ሴሚስተር ከወጣሽ ያ ሴሚስተር ዞሮ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። ባችሽ ጥሎሽ ይሄዳል። ማታ ማታ አብረሽ የምታጠኚያቸው፣ ኖት የሚሰጡሽ፣ ዶርም የምትጋሪያቸው ልጆች ሌላ ዓመት ላይ ይሆናሉ።

የአንቺ ደግሞ ጊዜው የባሰ ነው። ካልኩለሱ፣ ሊኒየር አልጀብራው፣ ስታቲስቲክሱ አሁን ነው ትኩስ የሆነው። ሦስተኛ ዓመት ሲገባ ኢኮኖሜትሪክስ፣ የኢኮኖሚ መረጃ በስታቲስቲክስ የሚመረመርበት ኮርስ፣ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ በእነዚህ ላይ ነው የሚቆመው። አንድ ዓመት ሒሳብ ሳይነኩ ቆይቶ ኢኮኖሜትሪክስ ክፍል መግባት ምን እንደሚመስል አቋርጠው በሪአድሚሽን የተመለሱ ተማሪዎች ፊት ላይ አይቼዋለሁ። እንግሊዞቹም ልክ በዚሁ ሰዓት ነው የሚወጡት ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው። እነሱ ግን የሚወጡት ቀኑን ሙሉ ኤክሴልና ሪግሬሽን ወደሚሠራበት ቢሮ ነው። እህል ቤት ከመደመርና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ ማንም አይጠይቅሽም።

የመውጫ ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ፈተናው ከሁለተኛ ዓመት ኮርስ ጭምር ነው የሚወጣው።

አሁን ደግሞ ብዙ ተማሪ የማያውቀውን ልንገርሽ። «የሥራ ልምድ ይሆነኛል» ብለሽ ከሆነ አይሆንም። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን እስከ ታች ድረስ አንብቢያቸው። ለዲግሪ የሥራ መደብ የሚቆጠረው ልምድ ባብዛኛው ከምረቃ በኋላ የተገኘ ነው። ከሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ ሊቀርብበት ይገባል» የምትል መስመር አለች። አጎትሽ ለእህታቸው ልጅ የሥራ ግብር ቆርጠው ገቢዎች ድረስ ሄደው የሚከፍሉ ሰው ከሆኑ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እንዲህ ያለ የእህል ነጋዴ አላጋጠመኝም። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ያ ዓመት ዜሮ ነው።

አባትሽ ይህን ሁሉ ዘርዝረው ባያስረዱም ስጋታቸው መሠረት አለው። ሌላም ያልነገሩሽ ነገር ሊኖር ይችላል። ጎጃም ውስጥ አንዲት ልጅ «ትምህርቱን ትታ ቤት ገብታለች» ከተባለ ሽማግሌ መላክ ይጀመራል። ጥር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይጠናል። አንቺ ጠንካራ ብትሆኚም በየሳምንቱ «እምቢ» ማለት ራሱ ሥራ ነው።

ይህን ያህል ካወራሁ በኋላ አጎትሽ ጋ መሄድ አለብሽ ስልሽ ይገርምሽ ይሆናል። ግን የምማረው ምን ላይ እንደሚውል አይታየኝም ብለሻል፤ ያ ጥያቄ ክፍል ውስጥ አይመለስም። እህል ቤቱ ውስጥ ይመለሳል።

አጎትሽ በቆሎ ሲገዙ ቆመሽ እይያቸው። ገበሬው ጆንያውን ከአህያው ያወርዳል። አጎትሽ ወይም የሚዛኑ ልጅ በሹል ብረት ጆንያውን ከጎን ወጋ አድርጎ ከመሃሉ ፍሬ ያወጣል። ለምን ከላይ አይዘግንም? ከላይ ያለው ተበጥሮ የተደረበ ሊሆን ስለሚችል። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበር ያደርጋታል። ቀጭ ካለች ደርቋል፤ ከላመች እርጥብ ነው፣ መጋዘን ገብቶ ይሻግታል። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠራው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅ ሲሆን ገበያ ምን ይሆናል የሚለውን ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ላይ ትማሪዋለሽ፤ ፎርሙላውም አለው። እዚያ ግን ፎርሙላው በጥርስ ሲሠራ ታዪዋለሽ።

ቀጥሎ ስልኩን ተመልከቺ። አጎትሽ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለ ሰው ይደውላሉ። ቡሬ ላይ የሚሰማው ዋጋ የአዲስ አበባው ዋጋ ነው፤ ማመላለሻው፣ የደላላው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የነጋዴው ትርፍ ተቀንሶ። ስለዚህ መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አስቢ። የመንገዱን ነገር አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ከአባይ በረሃ ወዲህ ያለው እህል መውጫ አጥቶ እዚህ ይረክሳል፤ ወዲያ ማዶ ይወደዳል። መንገዱ በተከፈተ ማግስት ልዩነቱ በስንት ቀን ይጠባል? በአንድ ሳምንት? በወር? ልዩነቱ ሲጠብ የእኛ ይወጣል ወይስ የእነሱ ይወርዳል? ይህ የገበያ ትስስር የሚባለው የኢኮኖሜትሪክስ ርዕስ ነው። ዓለም ላይ ስንት ሰው ዶክትሬት ሠርቶበታል።

ከሁሉ በላይ ግን የአጎትሽን ትርፍ አብረሻቸው አስዪው። ነጋዴው በጥር ገዝቶ በነሐሴ ይሸጣል፣ ገበሬውን ይዘርፋል ሲባል ሰምተሻል። እስቲ እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምወስደው፤ አንቺ በእውነተኛው ትተኪያቸዋለሽ።

አንድ ኩንታል በቆሎ በጥር 4,000 ብር ተገዛ እንበል። በነሐሴ 5,200 ተሸጠ። ልዩነቱ 1,200 ብር ነው። ሰው የሚያየው ይህን ብቻ ነው። ጆንያና ማስጫኛ 100 ብር ይውጣ። መጋዘኑ በወር በኩንታል 20 ብር ቢሆን በሰባት ወር 140 ብር ነው። ነቀዝና ክሳት ከመቶው ኪሎ አራቱን ይበላል እንበል፤ በነሐሴ ዋጋ 208 ብር ነው። አሁን ወለዱ ይቀራል። 4,100 ብር ለሰባት ወር ተቀብሯል። በዓመት 18 በመቶ ቢታሰብ 430 ብር ገደማ ይሆናል። ሁሉንም ቀንሺው። ከ1,200 የቀረው 322 ብር ነው። በሰባት ወር 8 በመቶ ማለት ነው።

ዋጋው 5,200 ሳይደርስ 4,800 ላይ ቢቆምስ? አስዪው። 62 ብር ኪሳራ ነው። ያውም «አከማችተሃል» ተብሎ መጋዘኑ ካልታሸገ።

አጎትሽ እዚህ ላይ «ወለድ ምናምን አትበዪኝ፤ የራሴ ገንዘብ ነው፣ ተበድሬ አይደለም» ይሉሻል። እዚህ ጋ አንቺ የተማርሽውን ታወጪያለሽ። ያ ገንዘብ በቆሎ ላይ ባይውል ሌላ ምን ላይ ይውል ነበር? ሲሚንቶ ላይ? ኦፖርቹኒቲ ኮስት የምትሉት ይህ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ለፈተና የሸመደድሽው ቃል አጎትሽ ጋ ሲደርስ ክርክር ያስነሳል። ምናልባት ሊያሸንፉሽም ይችላሉ፤ «የታወቀ ደንበኛዬን በጥር ካልገዛሁት በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ይሸጣል» ቢሉሽ ያ ደግሞ መጽሐፉ ያላሰበው ዋጋ ነው።

ከዚያ ወደ ገበሬው ዙሪ። በነሐሴ እንደሚወደድ እያወቀ ለምን በጥር ይሸጣል? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የመሬት ግብር የሚጠየቀው ያኔ ነው። ሠርጉ ያኔ ነው። የተበደረውን የሚመልሰው ያኔ ነው። መጽሐፉ ይህን የጥሬ ገንዘብ እጥረት ይለዋል፤ እኛ እጅ አጠረው እንላለን። ጎተራው ውስጥ የቀረውም ለነቀዝ ነው፤ ማስቀመጫው ከነጋዴው መጋዘን የባሰ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ይወለዳል። ዋጋው በጥር የሚወርደው ነጋዴዎቹ እርስ በርስ ስለሚስማሙ ነው ወይስ ሁሉም ሰው ባንዴ ስለሚሸጥ? ገበሬው እህሉን መያዣ አድርጎ ቢበደር ምን ይለወጣል? ማዳበሪያው ደግሞ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ገበሬው ለማዳበሪያ ሲል በጥር የሚሸጠው የኩንታል ብዛት ጨምሯል ወይ? ማክሮ ኢኮኖሚክስ ሚዛኑ ላይ ወጣ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ እህል ብቻ አይደለም። ወደ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ብትወጪ ገበሬው ጤፍና ገብስ ይዘራበት የነበረውን መሬት ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሲተክልበት ታገኛለሽ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር እህል ይዘራል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ እንደገና ይተክላል። ዛሬ ከሚገኝ ጤፍና ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚገኝ ከሰል የትኛው ይሻላል የሚለውን ገበሬው ካልኩሌተር ሳይነካ መልሶታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን በሽታ ገባበት፤ ሁሉም አንድ ነገር ሲተክል አደጋውም የጋራ እንደሚሆን ታየ። አንድ ኮርስ ሙሉ ማስተማሪያ ይወጣዋል።

እሺ፣ እንዴት ይደረግ?

የአክስትሽን ልጅ መንገድ ትተሽ የካናዳውን ተመልከቺ። ዋተርሉ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሥራውን ለአንድ ዓመት በጅምላ አያደርገውም። አራት ወር ትምህርት፣ አራት ወር ሥራ እያደረገ ቆራርጦ ይሰጠዋል። ሲደመር ከዓመት ይበልጣል። አንቺ የጎደለሽ ዩኒቨርሲቲው የሚያደርገው ውል ብቻ ነው፤ መቆራረጡን ራስሽ ልታደርጊው ትችያለሽ።

አሁን ያለሽበት ክረምት የመጀመሪያው ቁራጭ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እህል የሚወደድበት፣ ገበሬው ራሱ ሸማች የሚሆንበት ወቅት ነው። አጎትሽ ጋ ያንን ግማሹን ታያለሽ። ሁለተኛው ቁራጭ የሴሚስተር እረፍቱ ነው፤ ካሌንደሩ ካልተዛባ ከአዝመራ በኋላ ያለው ግዢ ላይ ይደርሳል። በመሃል ያለውን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሆነሽ በገበያ ቀን ወጥተሽ ዋጋ ትመዘግቢያለሽ። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና አጎትሽ ጋ። እስክትመረቂ ድረስ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ የዋጋ መዝገብ፣ ያውም በሁለት አዝመራ ላይ፣ ይዘሻል። አንድም ኮርስ ሳያልፍሽ።

ዋጋ የምትመዘግቢበት የደብተሩ ነገር ግን ዋናው ነው። ያለ ደብተር ከሄድሽ የአጎትሽ ሠራተኛ ነሽ፤ ሌላ ምንም። ቀኑን፣ የእህሉን ዓይነትና ደረጃ፣ የተገዛበትን ዋጋ፣ የዚያን ቀን የአዲስ አበባውን ዋጋ፣ የጭነቱን ዋጋ፣ መንገዱ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ጻፊ። ጤፍ ከሆነ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ እያልሽ ለይው፤ «ጤፍ» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ በኋላ አይጠቅምሽም። ዋጋው ያልተለወጠበትንም ቀን መዝግቢ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሳምንት ሳይዘሉ በአንድ መልክ የተመዘገበ ዋጋ ሲኒየር ኤሴይ ሲደርስ ወርቅ ነው። ስለ ሲኒየር ኤሴይ ካነሳሁ አይቀር፣ በየዓመቱ ከማነባቸው ወረቀቶች አብዛኞቹ «ዲተርሚናንትስ ኦፍ» ብለው ጀምረው «ኢን ዘ ኬዝ ኦፍ» ብለው የወረዳ ስም ይጠራሉ። ጠያቂውም ተጠያቂውም ተሰላችቶ የሞላው መጠይቅ፣ ከዚያ ሎጂት የሚባለው የስታቲስቲክስ ስሌት፣ ከዚያ «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል»። የቡሬንና የአዲስ አበባን የበቆሎ ዋጋ ከመንገድ መዘጋት ጋር አያይዛ በራሷ መረጃ የምትመጣ ተማሪ ብትመጣልኝ አማካሪ ልሁን ብዬ እኔው ነኝ የምለምናት።

የአጎትሽ የድሮ መዝገብ ከተገኘማ ሌላ ነው። ግን ተጠንቀቂ። ነጋዴ መዝገቡን ለሚስቱም አያሳይም። «ለገቢዎች ልታሳይብኝ ነው» ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። መጀመሪያ ቀን መዝገብ አትጠይቂ። ሁለት ወር ሒሳባቸውን አስተካክለሽ ከያዝሽ በኋላ ዋጋውንና ቀኑን ብቻ፣ ያለ ሰው ስምና ያለ ብዛት፣ እንድትገለብጪ ጠይቂያቸው። የደንበኛ ስም ደብተርሽ ላይ በፍጹም አይግባ።

ሥራው ምን እንደሆነም አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ዘመድ ቤት ሲሠራ፣ ሴት ሲሆኑ በተለይ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቡና አፍዪና ምሳ አድራሽ ሆነሽ ትገኛለሽ። «ሚዛኑ ጋ እቆማለሁ፣ ግዢና ሽያጭ እመዘግባለሁ፣ ማታ ሒሳብ እዘጋለሁ» በዪ። ክፍያም ጠይቂ። ትንሽም ቢሆን ይሁን። በነጻ የሚሠራን ሰው ማንም ሰዓቱን አያከብርለትም።

ክረምቱን ሁሉ አጎትሽ ጋ ብቻ አታሳልፊው። ነጋዴው የሚያየው ግማሹን ነው። ገበሬው የተደራጀበትን ደግሞ እዪ። ደብረ ማርቆስ ጎዛምን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ፤ ፍኖተ ሰላም ያንቺው አገር ዳሞት ዩኒየን አለ። ማዳበሪያ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ዩኒየኑ እህል ሲገዛ ከነጋዴው ጋር በምን እንደሚፎካከር፣ ለምን አንዳንዴ እንደሚሸነፍ እዚያ ይገባሻል። ብድሩን ማየት ከፈለግሽ ፀደይ ባንክ ቅርንጫፍ ሂጂ፤ የድሮው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ነው ወደ ባንክ የተሸጋገረው፤ የገጠሩን ተበዳሪ እሱን ያህል የሚያውቅ የለም። ለእነዚህ ቦታዎች ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያልከፈተው በር እዚህ አገር ጥቂት ነው። ያለ ደብዳቤ ግን «ነገ ተመለሺ» እንደተባልሽ ክረምቱ ያልቃል።

ዊዝድሮ ጨርሶ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። የታመመ ሰው፣ ቤተሰቡ የተቸገረበት፣ መንገዱ አላስኬድ ያለው ሰው ያደርገዋል፤ ነውር የለውም። ማድረግ ግድ ከሆነ በወግ ይደረግ። ዝም ብሎ መጥፋትና ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ፣ ኮፒውን ይዞ መውጣት ሰማይና ምድር ናቸው። ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ሲመለስ ሬጅስትራር በር ላይ የሚደርስበትን አይቻለሁ፤ ኤፍ የተደረደረበት ግሬድ ሪፖርት ነው የሚጠብቀው።

ሙሉ ዓመት ሥራ ያልሽው ነገር ደግሞ አልቀረብሽም። ቦታው ከምረቃ በኋላ፣ ከማስተርስ በፊት ነው። ዲግሪሽን ይዘሽ «ዜሮ ዓመት» በሚሉት ማስታወቂያዎች ተወዳደሪ፤ ባንክም ይሁን ዩኒየን ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት። ያኔ የሠራሽው ወር ሁሉ ይቆጠራል። ከዚያ ማስተርስ ግቢ። ቀጥታ ከመጀመሪያ ዲግሪ የሚመጡና ሠርተው የሚመጡ ተማሪዎች አንድ ክፍል ሲቀመጡ ልዩነታቸው በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቃል። ቀጥታ የመጡት ሞዴሉን ቶሎ ይፈቱታል። የሠሩት ደግሞ «ይህ ግምት እኛ ጋ አይሠራም» ብለው እጅ ያወጣሉ። አንቺ ሁለቱንም መሆን ትችያለሽ፤ ደብተሩን ከዛሬ ከጀመርሽ።

አጎትሽ ጋ ስትጨርሺ ደብዳቤ ማጻፍ እንዳትረሺ። ግብር የተከፈለበት ልምድ ሆኖ ባይቆጠርም ለዩኒየን፣ ለጥናት ቡድን፣ ለመረጃ ሰብሳቢነት ስትወዳደሪ ይጠቅምሻል። «ሠርታለች» ብቻ የሚል አይሁን። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ምን ትመዘግቢ እንደነበር፣ ስንት ዓይነት እህል ላይ እንደሠራሽ ይጻፍበት። የንግድ ቤቱ ማኅተምና የአጎትሽ ፊርማ ይኑርበት። ዋናውን አንቺ ያዢ፣ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ኮፒውን ስጪ።